ከቁርባን ሰልፍ የወጣችው እህቴ

በዚያ እሑድ ማን የት እንደ ቆመ አልረሳሁም። ከሁሉ ፊት በእናቶቻቸው ክንድ የታቀፉ ሕፃናት ነበሩ። ከእነሱ ኋላ ነጠላቸው መሬት የሚጠርግ ትንንሽ ልጆች ቆመዋል። ከልጆቹ ኋላ እኔ። ከእኔ ኋላ እህቴ፣ ከሰልፉ ሁሉ ቁመቷ ረዝሞ። ከእህቴ ኋላ መቋሚያ የተደገፉ አሮጊቶችና አንዲት መነኩሲት። እናቴ በሴቶች በኩል ምሰሶው ሥር ነበረች። አባቴ በወንዶች በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ። የእህቴ እጮኛ ዲያቆን ስለ ነበር፣ ለቆረቡት ውሃ የሚያስጎነጭበትን ማንቆርቆሪያ ይዞ ከመቅደሱ ደረጃ ግርጌ ቆሟል። እናቱ ደግሞ ከእናቴ ፊት፣ ሰልፉ ሁሉ ከሚታይበት ቦታ ላይ ነበሩ።

በእህቴና ከኋላዋ በቆሙት አሮጊቶች መካከል ሌላ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘመን ልጅ ይቆርባል፣ አሮጊት ይቆርባል፤ በመካከል ያለው ቆሞ ያያል። ሴት ልጅ ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር አፍራ ከሰልፉ ትወጣለች፤ ሁሉም አብረው ስለሚወጡ ማንም ልብ አይላትም። እህቴ ግን እኩዮቿ ሲወጡ አልወጣችም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኗት ከልጆች ኋላ ትቆም ነበር። እንዲህ የቆየች ልጅ አንድ ቀን ከወጣች ደግሞ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ገብቼ ነበር። ሻጩ ወጣት ነው። ዘርፉን ሲያሳየኝ የተረፈች ክር አየና ወደ አፉ አስጠግቶ ቀጭ አደረጋት። ድምፁን ስሰማ ነጠላው ከእጄ ወደቀ።

«ምነው እማማ፣ አልወደዱትም እንዴ? ሌላ ላውጣልዎት?» አለኝ።

«ወድጄዋለሁ» ብዬ ከፈልኩና ወጣሁ።

አንቺ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ጋር ቤቴ መጥተሽ፣ በወጣትነትዎ እምነትዎን ያጸናው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን ቀን ሻይ አቀረብኩላችሁና ሌላ ጨዋታ አነሣሁ። የምመልስልሽ ይህንን ነው።

ቤታችን ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ነበር። አባቴ ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃና ኩራዝ ይሠራ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰፈሩ የመዶሻ ድምፅ ነው፤ ስንነጋገር እንጮኻለን፣ ስንጸልይ እንኳ ድምፃችንን ከፍ እናደርግ ነበር። የጋለ ብረትና የላምባ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። እሑድ ጠዋት የአባቴ መዶሻ ዝም ሲል ጆሮዬ ይጮኽብኝ ነበር።

እህቴ ለሸማ ነጋዴዎች የነጠላ ዘርፍ ትቋጭ ነበር። ብርሃን ፍለጋ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና የተንጠለጠለውን ክር በጣቶቿ እየገመደች፣ እየቋጠረች፣ ትርፉን በጥርሷ ትበጥሳለች። መቀስ ነበራት። ግን መቀሱን አንሥተው እስኪያስቀምጡ ጥርስ ይቀድማል ትል ነበር። የጥጡ ብናኝ ቅንድቧ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ሽማግሌ ትመስላለች። ከፊት ጥርሶቿ በአንደኛው ጫፍ ላይ ክር የበላት ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ነበረች።

«ጥርስሽን በክር ጨርሰሽ በሠርግሽ ቀን በምን ልትስቂ ነው?» ትላት ነበር እናቴ።

«ሙሽራ አይስቅ! አፌን ሸፍኜ አቀረቅራለሁ» ትላለች።

የሰፈሩ ተሸካሚዎች ስታልፍ «ቄሷ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!» ይሏት ነበር። እሷም ሳትቆጣ፣ «ሸክማችሁን አውርዱና ላሳልማችሁ» ብላ ታልፋለች። እኔን ስለ እምነት ቁጭ አድርጋ አስተምራኝ አታውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አፏን ተጉመጥምጣ የመጨረሻውን ውሃ ስትተፋ አይ ነበር። ከዚያ እስከ እሑድ ቅዳሴ ማብቂያ ምንም በአፏ አይዞርም። እኔም አጠገቧ ሆኜ እንደዚያው አደርግ ነበር። ሌላ ትምህርት አልነበረም።

እጮኛዋን የመረጡላት የእሱ እናት ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸው ጧፍና ጃንጥላ እየሸጡ ያሳደጉት አንድ ልጅ ነበር፤ ካህን ሊያደርጉት ተስለዋል። ዲያቆን ካህን እንዲሆን ድንግል አግብቶ በተክሊል መቁረብ አለበት። ሴትየዋ እህቴን ከሰልፉ ላይ አዩዋት። ሽማግሌ ሲልኩ «ልጅቷን ሌላ ሰው አልጠቆመኝም፤ ቁርባኑ ነው ያሳየኝ» ብለው ነበር። ሠርጉ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ባለው በመጨረሻው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። እህቴ ከልጁ ጋር ሁለት ቃል የተነጋገረች አይመስለኝም። ግን ስሙ ሲነሣ የምትቋጨውን ዘርፍ ትስት ነበር።

እንግዲህ ያ እሑድ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ሰልፉ ወደ ፊት ሲሄድ ከፊቴ የነበረ ሕፃን የነጠላዬን ዘርፍ ጎተተና ፈታው። እህቴ አየችው። ጎንበስ አለች፣ ዘርፉን በሁለት ጣቷ ገመደችው፣ ቋጠረችው፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ እጇና አፏ እንደ ለመዱት አደረገች። ቀጭ ሲል ጆሮዬ ሥር ሰማሁት። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

«ዋጥኳት» አለችኝ።

«ክር እኮ ናት» አልኳት በሹክሹክታ። «ማንም አላየም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ሂጂ።»

ጀርባዬን በመዳፏ ገፋ አደረገችኝ። ዞር ስል ከሰልፉ ወጥታለች። አሮጊቶቹን አልፋ ስትሄድ አንደኛዋ «ምነው ልጄ?» አሏት። እሷም እጅ ነሥታ አለፈች። ዲያቆኑ ያን ጊዜ ውሃ ለአንድ ሕፃን እያስጎነጨ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው ዘመም ብሎ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። የእናቱን ፊት አላየሁም። ያየሁት ነጠላቸውን ሲያጣፉ ነው።

እኔ ቆረብኩ። የቆረበ ሰው እህል እስኪቀምስ ድረስ አፉን ሸፍኖ ዝም ይላል። አፌን በዚያው በተቋጨው ዘርፍ ሸፍኜ ግቢው ውስጥ ስወጣ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ተሰብስበዋል።

«አየሻት?»

«አየኋት እንጂ።»

«እስከ ዛሬስ በምን ድፍረቷ ቆረበች?»

«እሱ ዝም ብሎ ዝም ብሎ፣ ሲያጋልጥ እንዲህ ነው።»

የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ። እሷ ሊያስመልሰኝ መስሏት አፌን ከላይ ያዘች። «ኧረ በስመአብ፣ እንዳትተፊ! ቻይው፣ ቤት እስክንደርስ ቻይው።» ቤት እስክንደርስ ቻልኩት። መንገዱን ሙሉ የምናውቃቸው ሰዎች ሰላምታ እያሳጠሩ ያልፉን ነበር።

ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ዋጥኩ «ክር ውጣ ነው! የእኔን ዘርፍ ስትቋጭ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ እጁን ከትሪው አነሣ።

«እውነት ነው?» አላት።

«እውነት ነው አባባ።»

 «እኔ አመንኩሽ» አላት። «ግን እኔ ብቻዬን መርካቶ አይደለሁም።»

በማግስቱ የዲያቆኑ እናት መጡ። ከደጃፉ የቀረበላቸውን ዱካ ትተው ቆመው ነበር የሚናገሩት። የንስሐ አባታችንም ተጠርተው መጥተዋል።

«ልጅቷ ያደረገችው ልክ ነው» አሉ የንስሐ አባታችን። «አፉ ውስጥ አንዳች ነገር የገባበት ሰው አይቀርብም። ነግራኛለች፣ አውቃለሁ።»

«አባ፣ እርስዎማ ምስጢር ጠባቂ ነዎት» አሉ ሴትየዋ። «ሌላ ቢሆንስ ይነግሩኝ ነበር? ይቅር ይበሉኝ። እኔ ለልጅቷ ክፉ አላስብም። ልጄ ግን ነገ መስቀል ይይዛል። ሚስቱን ሰው በጣት እየጠቆመ እሱ እንዴት ያሳልማል?»

እናቴ «ታዲያ ምን እናድርግ እትዬ?» አለች።

«የሚመጣው እሑድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትቁረብ። ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት ካለ እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ።»

ቀላል ነበር። እህቴም «እሺ» አለች። ሴትየዋ በመጨረሻ ዱካው ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ምድጃ ሲቀጠቅጥ ሰነበተ፤ መዶሻው ሲያርፍ ያፏጭ ነበር። ከጎናችን ባዶ ጠርሙስና ጣሳ የሚሸጡ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፤ ከቡታጅራ በኩል የመጡ፣ ከእናቴ ጋር የሚዋደዱ። ወሬውን ሰምተው እህቴ ጎን መጥተው ተቀመጡ።

«እኛ ዘንድ ሳያስበው የዋጠ ሰው ጾሙ አይፈርስበትም» አሏት። «አላህ ነው ያበላው እንላለን። የእናንተ ለምን ጠበቀ?»

«የእኛም እግዚአብሔር አይቆጣ ይሆናል እትዬ» አለቻቸው ክሯን እየገመደች። «እኔ ግን እያወቅሁ ልቀርብ አልችልም።»

«አይ አንቺ ልጅ» አሏት። «ቅን መሆን ለሱቅም ለሠርግም አይሆንም።» ሲሄዱ ግን ራሷን ሳሟት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አፋችንን የምንጉመጠመጥበት ሰዓት ሲደርስ፣ እህቴን አጣኋት። እናቴ ቀድማ አግኝታት ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በሚከመርበት ቦታ፣ እህቴ ጨርቅ እያጠበች ነው። ውሃው ቀልቷል። ከፊታቸው የተደረደሩት የዘይት ጣሳዎች በፀሐይ ስለሚያብለጨልጩ ዓይኔን አጥብቤ ነበር የማያቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

«ዛሬ ነው የመጣብሽ?» አለች እናቴ።

«አሁን ነው።»

እናቴ ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ያውቃል?» አለቻት።

እህቴ ቀና ብላ አየቻት። የምትናገረው ያልገባት መሰለኝ።

«ማንም አያውቅም እኮ ነው የምልሽ። በደንብ ትታሰሪያለሽ፣ ትቆርቢያለሽ፣ ትመጫለሽ። አንድ ቀን ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ በእኔ በእናትሽ።»

«እማዬ፣ በአንቺ አይሆንም።»

«ይሆናል! እኔ እሸከመዋለሁ አልኩሽ እኮ! አባትሽን አስቢ። ያን ልጅ አስቢ። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ሌላ እሑድ አይጠብቁንም።»

«አስቤያለሁ» አለች እህቴ። ጨርቁን ጨመቀችው። «በሱ ሥጋና ደም ግን ሰውን አላስታርቅም። አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስተማርሽኝ?»

እናቴ አንዱ በርሜል ላይ ተቀመጠች። እናቴ ጾም የማታጎድል፣ ሐሙስ ሐሙስ ለነዳያን ቆሎ የምትቆላ ሴት ነበረች። ይህን የምነግርሽ ያን ቀን ያለችውን ስሰማ ምን እንደ ሆንኩ እንዲገባሽ ነው።

«ምነው ባላስተማርኩሽ» አለች።

እሑድ እህቴ ቤት ልትቀር ትችል ነበር። አሞኛል ማለት ነበረባት፤ እናቴም ያንን ለመነቻት። እሷ ግን ነጠላዋን ለብሳ ከእኛ ጋር ሄደች። ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች በሚቆሙበት፣ ከለማኞቹ አጠገብ ቆማ ቀረች። ያለፈ ሁሉ አያት።

እኔ ገብቼ ከልጆቹ ኋላ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ባዶ ነበር። አሮጊቶቹ ሊጠጉ ይችሉ ነበር፤ ግን አልተጠጉም። ቦታዋን እንደ ተወችው ተዉላት። መነኩሲቷ ብቻ አንድ ጊዜ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቆርቤ ወደ ደረጃው ግርጌ ስደርስ ዲያቆኑ ውሃውን እያስጎነጨኝ ጎንበስ አለ።

«የት አለች?» አለኝ።

አፌ ተሸፍኗል። በእጄ ወደ በሩ ጠቆምኩት። ወደዚያ አየ። ቀጥሎ ወደ እናቱ አየ። ከዚያ ከኋላዬ ለመጡት አሮጊት ውሃውን አዘነበለ። እስከ ዛሬ ድረስ ምን ማድረግ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ብዙ ነገር ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን ወጣት ነበር፣ ማንቆርቆሪያውንም ማስቀመጫ አልነበረውም።

ግቢው ውስጥ አሁን ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«ባለፈው ክር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ደም ሆነ።»

«ለሚቀጥለው ምን ታመጣ ይሆን?»

«ሆድ ነዋ!» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ መጥተው ነገሩን አፈረሱ። በጨዋ ቃል ነበር፤ ማንም ማንንም አልሰደበም። የዲያቆኑ እናት ራሳቸው አልመጡም። ታመው ተኝተዋል ተባለ፤ እውነትም ታመው ነበር። እንደ ክፉ ሴት አላስባቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአባቴ ነገር ነው። ከሱቁ ፊት የሚያልፉ ጎረምሶች «ጋሼ፣ ክር አለዎት?» ይሉት ጀመር። ምድጃ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊት እንኳ፣ «ጋሼ፣ ክር ስንት ነው?» አባቴ ሰው የሚመታ ሰው አልነበረም። በእህቴ ላይ እጁን አላነሣም። ግን ከእሷ እጅ ውሃ መቀበል ተወ። ትሪ ይዛ ስትመጣ ይነሣና መዶሻውን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን በደህና ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ሲመታ ዋለ፤ ምድጃ ሳይሆን እንዲሁ ተቀጥቅጦ ቀረ። ማታውን እናቴን «ወንድምሽ ጋ ትሂድ፤ ወሬው እስኪበርድ» አላት። አጎታችን ጎጃም፣ በረሃው ወርዶ ሰሊጥ የሚያርስ ነበር።

ወሬው በክረምቱ በረደ። ከአጎታችን አገር ቅቤ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ በመስከረም መጣና፣ ወባ ይዟት እንደ ነበር፣ ከቀበሯት እንደ ቆየ ነገረን። አባቴ ያን ቀንም ሥራ አልፈታም። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ቆሎ ስትቆላ ንፍሮም ትጨምር ነበር። ዲያቆኑ ሌላ አገባ፣ ካህን ሆነ፤ አሁን አርጅተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲያሳልሙኝ በስሜ አይጠሩኝም፤ «የሷ እህት» ይሉኛል።

እኩዮቼ ከሰልፉ ሲወጡ እኔ አልወጣሁም። ያፈጡብኝ ነበር፤ እናቴም ፈርታ «ይብቃሽ» ብላኝ ታውቃለች። ዐሥራ ሰባት ሲሞላኝ፣ ሃያ ሲሞላኝ፣ ከልጆች ኋላ ቆሜ ነበር። ብዙ ስለማምን አልነበረም። ከኋላዬ ያለውን ቦታ ትቼው መሄድ አልቻልኩም ነበር። እምነቱ ቀስ ብሎ፣ እዚያ ቆሜ ሳለሁ መጣ።

የሄደች ቀን ማለዳ ነበር። ከአትክልት ተራ የሚመጡ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ የተረገጠ ጎመንና የናፍታ ሽታ ነበር። እናቴ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ቀረች። ጎረቤታችን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙን። «ክር እንኳ የሌለበት ነው፤ እየፈራሽ አትብይው» ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። እህቴ ሳቀች። ያቺ የጥርሷ ጎድጓዳ ታየችኝ። አባቴ ሳጥኗን ተሸክሞ አምጥቶ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሰረው። አስሮ ከወረደ በኋላ እንደገና ወጥቶ ፈታና አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጎ ቆመ።

እህቴ ወደ እሱ ሄዳ ከጀርባው ጉልበቱን ሳመች። አልዞረም። 

ወደ እኔ ስትመጣ ነጠላዬን አየች። ዘርፉ እንደገና ተፈቷል። ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ገመደችው፣ ቋጠረችው። የተረፈችውን ክር ወደ አፏ አስጠጋች። እዚያ ላይ ቆመች። ክሯን ከከንፈሯ አርቃ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መለሰችልኝ፤ ክሯም እንደ ተንጠለጠለች ነበር። ረዳቱ «የጎጃም! የጎጃም!» እያለ በሩን ይደበድባል። እህቴ ዳቦዋን ይዛ ገባች።